ቡድኖችን ማዋሃድ ምንድን ነው? ሁለት አማካይ አንድ የሚሆነው እንዴት ነው?

ሜታ አናሊሲስ ስትሠሩ፣ ማለትም የብዙ ጥናቶችን ውጤት በስሌት አንድ ላይ ስታጠቃልሉ፣ አንድ ጥናት እጃችሁ ገባ እንበል። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው። ሦስት ቡድን አለው። 40 ሰው የደም ግፊት መድኃኒት 5 ሚሊግራም ወሰደ፣ 60 ሰው 10 ሚሊግራም፣ የቀረው ደግሞ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሚመስል ግን መድኃኒትነት የሌለው ነገር)። የእናንተ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ይሠራል ወይ?

ሁለቱን መጠኖች ለየብቻ ከፕላሴቦ ጋር ብታወዳድሩ፣ የፕላሴቦዎቹ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተቆጠሩ ማለት ነው። ይሄ ትክክል አይደለም። የሚሻለው መድኃኒት የወሰዱትን አንድ ቡድን ማድረግ ነው። ጥሬ መረጃው ባይኖራችሁም ይቻላል። የሰው ብዛት፣ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የሰዎቹ ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳየው ቁጥር) ካላችሁ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቡድን ግፊት በአማካይ በ8 ቀነሰ እንበል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 6። የሁለተኛው በ13፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 5። አማካዩ ቀላል ነው። 40 በ8፣ 60 በ13 ታባዙና ድምሩን ለ100 ታካፍላላችሁ፤ 11 ይመጣል። 10.5 ያላችሁ ሰዎች የቡድኖቹን መጠን ረስታችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ላይ ነው። የጠዋት ሰልፍ አስቡ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ቁመታቸው ይቀራረባል። የስምንተኛዎቹም እንደዚያው። ሁለቱን ክፍሎች ስትቀላቅሏቸው ግን የቁመቱ ልዩነት በጣም ይሰፋል። ስለዚህ የሁለቱን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አማካይ መውሰድ አያዋጣም። በአማካዮቹ መካከል ያለው ርቀትም ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ከየቡድኑ ብዛት 1 ቀንሱ፣ ከዚያ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን በራሱ አባዝታችሁ ከዚያ ጋር አባዙት። 39 በ36፣ 1,404። 59 በ25፣ 1,475። አሁን ርቀቱ፦ 40 በ60 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 24 ነው። የአማካዮቹ ልዩነት 5፣ በራሱ ሲባዛ 25። 24 በ25፣ 600። ሁሉም ሲደመር 3,479። ለ99 አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ 5.93 ገደማ ነው። ያቺን 600 ትታችሁ ለ98 ብታካፍሉ 5.42 ታገኙ ነበር። በተለምዶ ፑልድ የሚባለው እሱ ነው፤ ለሌላ ስሌት ይጠቅማል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። በሰዎቹ መካከል ያለውን መራራቅ ስለሚያሳንሰው ጥናቱ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ መስሎ ይታያል።

ሦስት ቡድን ካለ ሁለቱን አዋህዱና ውጤቱን ከሦስተኛው ጋር በዚያው መንገድ ቀጥሉ። ከየትኛው ብትጀምሩ ለውጥ የለውም።

አንድ ነገር አደራ። ቁጥሩን ከመውሰዳችሁ በፊት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው ወይስ ስታንዳርድ ኤረር (አማካዩ ራሱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) የሚለውን ከጥናቱ ሰንጠረዥ ግርጌ አንብቡ። በ40 ሰው ላይ 6 የነበረው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ በስታንዳርድ ኤረር ሲጻፍ 0.95 ብቻ ነው። ኤረር ከሆነ በብዛቱ ስኩዌር ሩት አባዙት። ጥያቄያችሁ ራሱ «የትኛው መጠን ይሻላል?» ከሆነ ደግሞ ቡድኖቹን አታዋህዷቸው፤ የምትፈልጉት ልዩነት ይጠፋባችኋል።