«ባትሪው እኮ 12 ቮልት ነው፣ ምን ያደርጋል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ከባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለማውጣት ወሬ በተነሳ ቁጥር ይቺ አባባል አትቀርም። «ባትሪው እኮ 12 ቮልት ነው፣ ምን ያደርጋል?» ስሰማት ደሜ ይፈላል። የሚሏት ደግሞ ጀማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ምንም አልነበረም፤ ዓመታት በሙያው የቆዩ ሰዎችም ይሏታል። ስለዚህ ከሷ ልጀምር።

ባትሪው ራሱ በደረቅ እጅ ቢነካ ምንም እንደማያደርግ እውነት ነው። ግን እናንተ የምትነኩት ባትሪውን አይደለም፤ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩት መውጫ ላይ ያለውን፣ ቻርጅ የሚያጠራቅመውን ካፓሲተር ነው። እሱ ደግሞ ከባትሪ ተሞላ ከሶኬት ለሰውነታችሁ ልዩነት የለውም። በቁጥር እንየው። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 400 ቮልት ሲሞላ 8 ጁል ይይዛል። በዚህ ቮልቴጅ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያለው የሰውነት ሬዚስታንስ 1000 ኦም አካባቢ ነው ብለን ብናሰላ፣ በመጀመሪያው ቅጽበት 0.4 አምፔር በደረታችሁ በኩል ያልፋል። ይሄ ከልብ ጋር ቀልድ የማያውቅ ከረንት ነው።

የፊልም ካሜራ ፍላሽን ውሰዱ። ብዙዎቹ የሚሠሩት በአንዲት 1.5 ቮልት ባትሪ ነው። ውስጣቸው ያለው ካፓሲተር ግን 300 ቮልት ገደማ ይሞላል። አንድ የማውቀው ልጅ ባትሪውን አወጣና «በቃ አሁን ኃይል የለውም» ብሎ ካሜራውን ከፈተው። አውራ ጣቱ የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች አንድ ላይ ነካ። ካሜራው ከእጁ ተወርውሮ ወደቀ፣ ጣቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ነጭ የቃጠሎ ነጥቦች ቀሩ። ከረንቱ በአንድ ጣት ውስጥ ብቻ ማለፉ ነው ያተረፈው።

የዚህ ስህተት መንትያ «አጥፍቼዋለሁ» የምትለዋ ናት። ማጥፋት ካፓሲተሩን ባዶ አያደርገውም። ባዶ የሚያደርገው ከካፓሲተሩ ጎን ለጎን የምታስሩት ማፍሰሻ ሬዚስተር ነው፣ እሱንም ሰው በግምት ነው የሚመርጠው። ከላይ ባልነው ካፓሲተር ላይ 1 ሜጋኦም ብታስሩ፣ ከ400 ወደ 50 ቮልት ለመውረድ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። 10 ሜጋኦም ካሰራችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ! 100 ኪሎኦም ከሆነ 20 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፣ ግን ዕቃው በበራ ቁጥር 1.6 ዋት በሙቀት ይባክናል፣ ስለዚህ የ3 ዋት ሬዚስተር ያስፈልጋል። ሬዚስተር የዋት ብቻ ሳይሆን የቮልቴጅ ገደብም እንዳለው ስንቱ ያውቃል? ብዙዎቹ ትናንሽ የሩብ ዋት ሬዚስተሮች ከ250 ቮልት በላይ አልተሠሩም። ሁለት ሦስት አድርጋችሁ በተከታታይ እሰሩ።

እባካችሁ ደግሞ በካቻቪቴ አጋጭቶ ማፍሰስን ተዉት። ብልጭታው ዓይን ይጎዳል፣ ካፓሲተሩንም ያበላሻል። በሬዚስተር አፍስሱ፣ በመልቲሜትር ለኩ፣ ከዚያ ንኩ። ትልቅ ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላ እንኳ እግሮቹ ክፍት ከተተዉ ቮልቴጁ በራሱ ተመልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ በሽቦ አገናኝታችሁ አስቀምጡት። የበራ ዕቃ ላይ ስትለኩ አንድ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

«ቮልቴጅ ሲጨምር ኃይልም ይጨምራል።» አይጨምርም። 400 ቮልት በ0.1 አምፔር 40 ዋት ነው፤ ብቃቱ 85 በመቶ ከሆነ ከ12 ቮልቱ ባትሪ 4 አምፔር ገደማ ይሳባል። ወፍራም ሽቦ የሚያስፈልገው በባትሪው በኩል ነው።

«ባትሪውን ቀጥታ ትራንስፎርመር ላይ ማሰር ይቻላል።» ትራንስፎርመር የሚሠራው በሚለዋወጥ ከረንት ነው፤ በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ የባትሪ ከረንት) የብረት ኮሩ በማግኔት ይሞላል፣ ጥቅሉ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

«የመኪና ቦቢና 12 ቮልቱን መቶ ጊዜ ያበዛዋል።» እንዲያ ቢሆን 1200 ቮልት ብቻ ይወጣ ነበር፣ ካንዴላ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው የሚያገኘው። ምሥጢሩ መቋረጡ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጥቅል የሚያልፈው ከረንት ድንገት ሲቆረጥ እዚያው ጥቅሉ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል፣ የሚባዛው እሱ ነው። ቦቢና የሚነዳ ትራንዚስተር «12 ቮልት ነው» ተብሎ 60 ቮልት ብቻ የሚችለው ሲመረጥ ወዲያው የሚሞተውም ለዚህ ነው።

«ተራ ቡስት ሰርኪዩት ከ12 ወደ 400 ያደርሰኛል።» ቡስት በአንድ ጥቅልና በፍጥነት በሚበራና በሚጠፋ ማብሪያ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ሰርኪዩት ነው፤ በወረቀት ላይ አዎ፣ ያደርሳል። ግን ማብሪያው ከጊዜው 97 በመቶውን በርቶ (ከረንት እያሳለፈ) መቆየት አለበት፣ በተግባር ደግሞ እዚያ ላይ ብክነቱ ሁሉን ይበላዋል። ፍላይባክ ሥሩ፤ እንደ ቦቢናው ከረንት በመቁረጥ የሚሠራ፣ ሁለት ጥቅል ያለው ሰርኪዩት ነው። ጥቅሉ 1 ለ10 ከሆነ ሞስፌቱ (ማብሪያ ሆኖ የሚሠራው ትራንዚስተር) የሚያየው 52 ቮልትና በላዩ ላይ የሚዘል ሹል ቮልቴጅ ነው፤ የ100 ቮልት ሞስፌትና ያንን ሹል የሚያለዝብ ሰርኪዩት ይበቃል። ዳዮዱ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ግን 520 ቮልት በተቃራኒው ይሸከማል፣ ፈጣን መሆንም አለበት። ዋን ኤን 4007 1000 ቮልት ይችላል፣ ለዚህ ፍጥነት ግን አይሆንም። ዩኤፍ 4007 ግዙ።

«የዳዮድና የካፓሲተር መሰላሉን ባረዘምኩት ቁጥር ቮልቴጁ ያድጋል።» የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኮክክሮፍትና ዋልተን በ1932 አቶም የሰነጠቁት በእንዲህ ያለ፣ ቮልቴጅን ደረጃ በደረጃ በሚያባዛ መሰላል ባገኙት ቮልቴጅ ነው፣ ስለዚህ ይሠራል። ነገር ግን ሎድ (ከረንት የሚስብ ዕቃ) ሲኖር የሚጠፋው ቮልቴጅ ከደረጃዎቹ ቁጥር ኩብ ጋር ነው የሚያድገው። ደረጃውን እጥፍ ስታደርጉ ኪሳራው ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል።

«መልቲሜትሬ ያሳየው እውነት ነው።» ይሄኛው ዕቃ ያስገድላል። አንዱ ለጋይገር ቱቦ (ጨረራ ለሚለይ ቱቦ) 400 ቮልት ሠራ። ቱቦው ጋ ሲለካ 200 አነበበ፣ ማስተካከያውን ከፍ እያደረገ 400 ላይ አደረሰውና ረካ። ቱቦው ተበላሸ። ከቱቦው በፊት 10 ሜጋኦም ሬዚስተር ነበር፣ የመልቲሜትሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስም 10 ሜጋኦም ነው። ሁለቱ ቮልቴጁን እኩል ተካፈሉት፤ 400 ሲያነብ ከኋላ ያለው 800 ነበር። እንዲህ ያለውን ደካማ ምንጭ ስትለኩ፣ አሥር ባለ 100 ሜጋኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ አስራችሁ በነሱ በኩል ለኩ፣ ያነበባችሁትንም በ101 አባዙት። 400 ቮልት ከሆነ መልቲሜትሩ 3.96 ያሳያችኋል።