ዳኛ ላይ አቤት ማለት፦ በሰሜን ሸዋ ፍርድ ቤቶች ደጃፍ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ይሁን መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ይሁን አረርቲ፣ ጠዋት በፍርድ ቤት ግቢ ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ስለ ዳኞች ብዙ ያወራል። ከሚወራው ውስጥ እውነት አለ። ሰውን መሬቱን ወይም የልጁን ቀለብ የሚያሳጣ ስሕተትም አለ።

«ዳኛውን ብከሰው ፍርዱ ይሻርልኛል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የሚመረምረው የዳኛውን ጠባይና አሠራር ነው፤ ፍርድ አይሽርም። ፍርድ የሚታረመው በይግባኝ ነው፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለበት ደግሞ በሰበር፣ ማለትም የመጨረሻ ፍርድን የሕግ ስሕተት በሚመረምረው ችሎት። የወረዳ ፍርድ ቤት የፈረደው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ።

የይግባኝ ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 323 መሠረት ይግባኙ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ፍርዱ ጥቅምት 10 ከተነበበ ታኅሣሥ 10 ላይ ጊዜው ያልቃል። በወንጀል ጉዳይ ሰዓቱ ከዚህም ይጠብባል፦ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ማለትዎን በ15 ቀን ያስታውቃሉ፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰዎ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ያስገባሉ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለጉባኤው አቤት ይልና መልስ እየጠበቀ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። መልሱ ሲመጣ፣ ዳኛው ጥፋተኛ ተብሎ ቢቀጣ እንኳ፣ ይግባኙ በጊዜ ገደብ ተዘግቶ ያገኘዋል። ስለዚህ የፍርዱን ግልባጭ በተፈረደበት ሳምንት ይጠይቁ፤ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ይሂዱ። ዳኛው ምስክርዎን አልሰማም ብሎ ከሆነ ነገሩ የይግባኝ ነው። ምስክርዎን ሰድቦ ከሆነ የዲሲፕሊን ነው። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ቀን ይፈጸማሉ። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸሙን እንደማያቆምም አይርሱ፤ የእግዱን ጥያቄ አብረው ያቅርቡ።

«ዳኛ ነጻ ነው፤ ማንም አይነካውም»

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 የዳኝነት ነጻነትን ያስከብራል። ነጻነቱ ለፍርዱ እንጂ ለስድብና ለጉቦ አልተሰጠም። ያው አንቀጽ በንኡስ አንቀጽ 4 ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት የሚነሳበትን ምክንያት ይዘረዝራል፦ የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ፣ ሥራውን እንዳያከናውን የሚያደርግ ሕመም። መጀመሪያ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይወስናል፤ ቀጥሎ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ያጸድቃል። ለክልሉ ዳኞች የሚያጸድቀው የክልሉ ምክር ቤት ነው። መንገዱ የረዘመው ሆን ተብሎ ነው፤ አለዚያ የተሸነፈ ባለሥልጣን ሁሉ ዳኛ ያስነሳ ነበር።

«የወረዳው አስተዳዳሪ ይጥራውና ይገሥጸው»

አስተዳዳሪ ዳኛ የሚጠራበት ሥልጣን የለውም። በፍርድ ጉዳይ ቢጠራው ጥፋቱ የአስተዳዳሪው ነው።

ከዚህ ይልቅ በአገራችን የከበደው የሽማግሌ ነገር ነው። ሽማግሌ መላክ ለተጣላ የሚበጅ ወግ ነው፤ ለዕርቅም ለደምም ይላካል። መዝገቡን ወደያዘው ዳኛ ቤት ሲላክ ግን ሌላኛው ወገን በሌለበት ስለ ጉዳዩ መነጋገር ይሆናል። ዳኛው ቢያነጋግራቸው ጥፋቱ የእሱ ነው፤ የላካቸው ባለጉዳይም ነገ ለሚያቀርበው አቤቱታ አፍ አይኖረውም። ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቁ ከፈለጉ ተከራካሪዎቹን ያስታርቁ፤ ዕርቁም በጽሑፍ ሆኖ ለችሎቱ ይቅረብ።

«ዳኛው ተቆጣኝ፤ ይህ ጥፋት ነው»

ላይሆን ይችላል። «ይህን ተናግረሃል፣ ወደ ጭብጡ ግባ» ማለት ዳኛው ችሎት የሚመራበት ሥራው ነው። በላ ልበልሃ ሲባል ንግግር አዋቂ ይደመጥበት ከነበረ ወግ ለመጣ ሰው መቋረጥ ውርደት ይመስላል፤ ስሜቱ ይገባናል፣ የዲሲፕሊን ጥፋት ግን አይደለም። ጥፋት የሚባለው መሳደብ ነው፤ በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በድህነት ማሸማቀቅ ነው፤ አንዱን ወገን ብቻ ቢሮ አስገብቶ ማነጋገር፣ ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ መደራረብ፣ ጥቅም መቀበል ነው። አዛውንትን በችሎት «አንተ» ማለት በእኛ ዘንድ ያማል። ለአንድ ጊዜ ቃል ብቻ ዳኛ ይባረራል ብለው ግን አይጠብቁ። ደጋግሞ ከሆነ የተናገረበትን ቀን እየለዩ ይጻፉት።

በቀጠሮ መጓተት ላይ ብዙ ጊዜ ይግባኝ አይባልም፤ የመጨረሻ ፍርድ አይደለምና። መጀመሪያ የሚያመለክቱት ለዚያው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። የቀጠሮዎቹን ቀን በተራ፣ የተሰጠውንም ምክንያት ጎን ለጎን ይዘርዝሩ። ያ አንድ ገጽ ከአሥር ገጽ ምሬት ይልቃል።

«አቤት ካልኩ ችሎት ደፈርክ ብለው ያስሩኛል»

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 የሚቀጣው ዳኛውን በሥራው ላይ የሚሳደበውን፣ የሚያዋርደውን፣ የሚዝተውን ወይም ችሎት የሚያውከውን ነው። ሥልጣን ላለው አካል በጨዋ ቃል የተጻፈ አቤቱታ ችሎት መድፈር አይደለም። በችሎት ውስጥ ሳሉ ግን ቢከፋዎትም ዝም ብለው ያዳምጡና ሲወጡ ይጻፉ። ያለ ፈቃድ በስልክ መቅረጽም አይሞከር፤ ማስረጃ አገኛለሁ ሲሉ ራስዎ ተጠያቂ ይሆናሉ።

«ምሬቴን በደንብ ካስጻፍኩ ይበቃል»

ከግቢው ውጭ የሚያስጽፉት ማመልከቻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ዳኛው አድሏዊ ናቸው፤ ድሃ ይንቃሉ፤ ፍትሕ አጣሁ።» መርማሪው በዚህ የሚይዘው ነገር የለም። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ምስክሬ ቃሏን እየሰጠች ሳለ ዳኛው ‹አንቺ ውሸታም፣ ውጪ› ብለው ከችሎት አስወጧት። ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሰምተዋል፤ ስማቸው ከታች ተጽፏል።» የመዝገብ ቁጥሩ፣ ችሎቱና ቀኑ ይኑር፤ የተባለው ቃል እንደተባለ ይግባ፤ የሰማው ሰው ይጠቀስ። ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ምስክር አይታጣም፤ ግን ስማቸውን የዚያኑ ዕለት ይያዙ። ማመልከቻውን ሲያስገቡ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጅዎ ይቅር።

«ዳኛው የባላጋራዬ ዘመድ መሆኑን ከተሸነፍኩ በኋላ እናገራለሁ»

ያን ጊዜ የሚሰማዎ የለም። ዳኛው ከተከራካሪ ወይም ከጠበቃው ጋር ሥጋ ወይም ጋብቻ ካለው፣ ቀድሞ በዚያው ጉዳይ ጠበቃ ወይም ዳኛ ሆኖ ከነበረ፣ ከአንዱ ወገን ጋር የራሱ ክርክር ካለው ከችሎት እንዲነሳ በጽሑፍ ይጠየቃል። የሚጠየቀውም ክርክሩ ሳይጀመር፣ ወይም ምክንያቱ እንደታወቀ ወዲያው ነው። ቀድሞ እያወቁ ዝም ማለት ጥያቄውን ያደክመዋል።

«ደላላው ለዳኛው አድርሶልኛል፣ ስለዚህ ዳኛው ጉቦኛ ነው»

በግቢው ዙሪያ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ዳኛው ነገሩን አልሰማም። ደላላው ከሁለቱም ወገን ይቀበላል፤ ለአሸናፊው «አደረስኩልህ» ይላል፤ ለተሸናፊው «ያኛው በለጠህ» ይላል። መስጠትም እንደ መቀበሉ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስጠይቃል። ገንዘብ የተጠየቀ ሰው ከመክፈሉ በፊት ለፖሊስ ወይም ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ያመልክት፦ ማን ጠየቀ፣ የት ቦታ፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ስልክ ደወለ። ገንዘቡ በባንክ ተልኮ ከሆነም ደረሰኙን አይጣሉ።