«የግማሽ ሰዓት ጥሪ» ለምን 35 ደቂቃ ይሆናል?

በፒያሳው ሀገር ፍቅርም ሆነ በብሔራዊ ቴአትር በመድረክ ሥራ አስኪያጅነት ለመሥራት የሚያስቡ ጀማሪዎች የውጭ አገር መመሪያዎችን ሲያነቡ ከሚያደናግሯቸው ነገሮች አንዱ የግማሽ ሰዓት ጥሪ፣ ማለትም ትርኢቱ መቃረቡን ለተዋንያን የሚያሳውቀው ጥሪ ነው። በእንግሊዝ ቴአትር ቤቶች ልማድ ይህ ጥሪ የሚሰማው ትርኢቱ ሊጀመር 30 ሳይሆን 35 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቆጠራው የሚነሳው መጋረጃው ከሚከፈትበት ሰዓት ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ትዕይንት የሚታዩት ተዋንያን ቦታቸውን እንዲይዙ ከሚጠሩበት ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ከመጋረጃው በ5 ደቂቃ ይቀድማል። ስለዚህ ትርኢቱ 11 ሰዓት ላይ የሚጀመር ከሆነ የግማሽ ሰዓቱ ጥሪ 10፡25፣ የሩብ ሰዓቱ 10፡40፣ የአምስት ደቂቃው 10፡50 ላይ ይሰማና 10፡55 ሲሆን ተዋንያኑ ወደ መድረክ ይጠራሉ። በአሜሪካ ግን ግማሽ ሰዓት ማለት በትክክል 30 ደቂቃ ነው፤ የሁለቱን አገር መጻሕፍት ቀላቅሎ ያጠና ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።

ከስሌቱ ይልቅ የሚከብደው ከጥሪው ጋር የሚመጣው ኃላፊነት ነው። የግማሽ ሰዓቱ ጥሪ ሲሰማ ተዋንያን ሁሉ በቴአትር ቤቱ ውስጥ መገኘት ይጠበቅባቸዋል፤ የጎደለ ካለ ደውሎ ማፈላለግ፣ ካልተገኘም ተተኪው ልብስ እንዲለብስ ማድረግ የመድረክ ሥራ አስኪያጁ ድርሻ ነው። ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ አመሻሽ ላይ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ፣ የእንግሊዞቹ ተጨማሪ 5 ደቂቃ የሚናቅ አይደለም። ቡድኑ የትኛውን ልማድ እንደሚከተል ግን ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ተወስኖ በመልበሻ ክፍሉ በር ላይ መለጠፍ ይኖርበታል።