ፎስተር ኬር ገባ ማለት ልጁ ለዘላለም ተወሰደ ማለት ነው?
አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ፎስተርና ጉዲፈቻ ይለያያሉ። ፎስተር ማለት ለምሳሌ ቤት ውስጥ ድብደባ ወይም የመጠጥና የድራግ ሱስ ስላለ ልጁ ለጊዜው ሌላ ሰው ጋር ይቆያል፣ እናንተ ግን አሁንም ወላጅ ናችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው በፈረንጆች 1997 የወጣውን የፌደራል ህግ ነው፣ ልጁ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን ፎስተር ከቆየ ስቴቱ በመርህ ደረጃ የወላጅነት መብታችሁ እንዲቋረጥ ፍርድ ቤት መጠየቅ አለበት። ከሱስ መውጣት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሰው ይወድቃል ይነሳል፣ ወሩ ግን አይጠብቅም፣ ስለዚህ እባካችሁ ህክምናውን ዛሬ ነገ አትበሉ። ልጁ አክስቱ ወይም አያቱ ጋር ከተቀመጠ ስቴቱ ይህን ላይጠይቅ ይችላል፣ ለልጁም ቢሆን ደንግጦ ከወጣበት ቤት በኋላ በቋንቋው የሚያባብለው፣ የሚያጎርሰው ሰው ጋር ማደሩ ትልቅ ነገር ነው፣ ዘመድ ካለ የልጁን ጉዳይ ለሚከታተለው ሰራተኛ፣ ለኬዝ ወርከሩ፣ ቶሎ ስሙን ስጡ።