የሰርቨር ፈርምዌር ቅንብርና የአነሳስ ስልት በአዲስ አበባ ዳርቻ

በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጎሮ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ፣ የራሳቸው ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ ያላቸው የመረጃ ማዕከላት አሉ። በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ወይም በለገጣፎ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ግን ሰርቨሩ (ለሌሎች ኮምፒውተሮች መረጃና አገልግሎት የሚያቀርበው ኮምፒውተር) ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ለሌላ ሥራ በተሠራ ክፍል ነው። የፈርምዌር ቅንብር ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻውም እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ፈርምዌር በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ቺፕ ላይ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ሲበራ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ዲስኮቹን አዘጋጅቶ ሥራውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል። አሮጌው የፈርምዌር ዓይነት፣ ባዮስ፣ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ ያገኘውን ኮድ ያስኬዳል። ኢንቴል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለኢታኒየም ሰርቨሮች ከጀመረው ሥራ የመጣው አዲሱ ዓይነት፣ ዩኢኤፍአይ፣ ደግሞ ለማስነሻ ከተከለለ የዲስክ ክፍል ፋይል ፈልጎ ያስነሳል። ባዮስ የሚጠቀምበት፣ ኤምቢአር የተባለው የዲስክ አከፋፈል ከ2 ቴራባይት ብዙም አያልፍም፤ የዩኢኤፍአይ አጋር የሆነው ጂፒቲ የተባለው አከፋፈል ይህ ገደብ የለበትም። ስለዚህ ለአዲስ ሰርቨር ዩኢኤፍአይን መምረጥ ይገባል፤ ምርጫውም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከመጫኑ በፊት ይጠናቀቅ። ከተጫነ በኋላ የአነሳስ ስልቱ (ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ) ቢቀየር ማሽኑ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ ይናገራል። መረጃው ግን አልጠፋም፤ ስልቱን ወደ ነበረበት መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እውነተኛው ጥፋት የሚደርሰው በድንጋጤ ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ፣ ማለትም ይዘቱ ሲሰረዝ፣ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው፣ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ቅንብር ነው። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጠፍቶ መቆየት፣ ሁልጊዜ መነሳት፣ ወይም ወደ መጨረሻው ሁኔታ መመለስ። ሦስተኛው አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩን በሥርዓት ካስጠፋው፣ የመጨረሻው ሁኔታ «ጠፍቷል» ስለሚሆን ማሽኑ በራሱ አይነሳም። እንዲህ ባለ ቦታ ሁልጊዜ መነሳትን መምረጥና፣ ቅንብሩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ የኃይሉ መዋዠቅ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ማዘግየት ይሻላል።

የከፍታውም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። በብዙ ሰርቨሮች መግለጫ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል የአየር ማራገቢያዎቹን ቅንብር ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ጩኸቱ ቢበዛም።

በማዘርቦርዱ ላይ ሰዓቱን የምትጠብቀው ሲአር2032 የተባለች ትንሽ ባትሪ ስትደክም ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በአንዳንድ ማሽኖች የአነሳስ ስልቱም አብሮ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይዞራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምርጫ ጽፎ ከሰርቨሩ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ባለሙያው ከመሀል ከተማ እስኪደርስ ድረስ በስልክ ለመረዳዳት ይጠቅማል።