ሞስፌቱ ላይ ያለው «110 አምፔር» ምን ማለት ነው?

ለ12 ቮልት ሞተር ኮንትሮለር የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አይአርኤፍ3205 የሚባለውን ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል ትራንዚስተር) ይገዛል። ዳታሺቱ (የአምራቹ የመግለጫ ወረቀት) 110 አምፔር ይላል። ታዲያ በ30 አምፔር ለምን ይቃጠላል?

ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ቅድመ ሁኔታ አለው እንጂ። 110 የሚሠራው የሞስፌቱ ገላ 25 ዲግሪ ላይ ከቆየ ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ እውነተኛ ሥራ ላይ የማይታሰብ ነገር ነው። እዚያው ዳታሺት ላይ በደቃቅ ፊደል ማሸጊያው (የሞስፌቱ ገላና እግሮቹ) የሚችለው 75 አምፔር ብቻ እንደሆነ ተጽፏል።

መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፦ ሲበራ ያለው ሬዚስታንስ፣ 8 ሚሊኦም። አምፔሩን በራሱ አባዙትና በዚህ አባዙት። 30 በ30፣ 900። በ0.008 ሲባዛ 7.2 ዋት ሙቀት ይወጣል። ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣለት ብረት) ከሌለው በእያንዳንዱ ዋት 62 ዲግሪ ይጨምራል። ከ440 ዲግሪ በላይ መሆኑ ነው! አቅሙ ግን 175 ድረስ ነው። በ10 አምፔር ቢሆን 0.8 ዋት ብቻ ነበር። አምፔሩ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ሲግል ሬዚስታንሱም ይጨምራል።

አርዱይኖ ከሚባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ በሚወጣ 5 ቮልት በቀጥታ ሊያበሩት የሚሞክሩም አሉ። አይሆንም። 8 ሚሊኦሙ የተለካው ጌቱ (ሞስፌቱን የሚከፍተው እግር) 10 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ በ5 ቮልት በደንብ አይከፈትም። ለጌቱ በቂ ቮልት የሚሰጥ የጌት ድራይቨር ያስፈልገዋል።

እኔ ለ30 አምፔር ሦስት ሞስፌት ጎን ለጎን አያይዤ፣ ሂትሲንክም እጨምርበታለሁ።