ጂ-ፕሮቲኖች፦ በሕዋስ ውስጥ መልእክት አስተላላፊዎቹ

ጂ-ፕሮቲኖች ጂቲፒ የተባለውን ሞለኪውል ሲይዙ ሥራ የሚጀምሩ፣ አንድ ፎስፌት ቆርጠው ወደ ጂዲፒ ሲለውጡት የሚያቆሙ ፕሮቲኖች ናቸው። ሆርሞን፣ ብርሃን ወይም ሽታ በሕዋስ ገለፈት ላይ ያለውን ተቀባይ ሲነካ፣ ተቀባዩ በውስጥ በኩል ያለው ጂ-ፕሮቲን ጂዲፒውን ለቅቆ ጂቲፒ እንዲይዝ ያደርገዋል። አልፋ፣ ቤታና ጋማ ከሚባሉት ሦስት ክፍሎቹ አልፋው ተለይቶ ሌሎች ኢንዛይሞችን ያንቀሳቅሳል፤ ክፍሎቹ ፈጽመው ይለያያሉ ወይስ አቀማመጣቸውን ብቻ ይለውጣሉ የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል። አልፋው ጂቲፒውን ራሱ ስለሚቆርጠው መልእክቱ ብዙ አይቆይም። ከመጀመሩም በጊዜው ማቆሙ ይበልጣል።

የግኝቱ ታሪክ የሚነሣው ንጹሕ ካልነበረ ኬሚካል ነው። ማርቲን ሮድቤል በአሜሪካ ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን ከአይጥ ጉበት ገለፈት ጋር እንዴት እንደሚጣበቅ ሲያጠና፣ ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል ሲጨምርበት ሆርሞኑ ይላቀቅ ነበር፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መጠን ግን ከሚገባው በላይ ነበር። በኋላ የተጠቀመበት ኤቲፒ ውስጥ ጂቲፒ ተቀላቅሎ መገኘቱ ታወቀ፤ ንጹሕ ጂቲፒ ሲሞከር እጅግ ባነሰ መጠን ያንኑ አደረገ። ይህ በ1971 እ.ኤ.አ. ታተመ። አልፍሬድ ጊልማንና ባልደረቦቹ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቀባዩም በጂ-ፕሮቲን የሚንቀሳቀሰው ኢንዛይምም እያላቸው ለሆርሞን መልስ የማይሰጡ የካንሰር ሕዋሳት ወስደው፣ ከጤነኛ ሕዋስ የወጣ ፕሮቲን ሲጨምሩላቸው መልስ መስጠት ጀመሩ፤ ፕሮቲኑንም በ1980 አጥርተው ለዩት። ሁለቱ በ1994 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ራስ፣ ራብ፣ ሮና ራን የሚባሉት ትንንሾቹ የጂ-ፕሮቲኖች ዘመዶች የሕዋስ እድገትን፣ የውስጥ ጭነት መጓጓዣን፣ ቅርጽንና የኒውክለስን መግቢያ መውጫ ይቆጣጠራሉ።

ጂ-ፕሮቲን በጊዜው የማቆሙን ነገር ከኮሌራ የበለጠ የሚያሳይ የለም። የኮሌራ መርዝ በአንጀት ሕዋስ ውስጥ አልፋው ጂቲፒውን እንዳይቆርጥ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለው ኢንዛይም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ሞለኪውል ማምረቱን አያቆምም፣ ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈስሳል፣ ሶዲየምና ውኃ ይከተሉታል። ክፉኛ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል፤ የሚወጣውም ሩዝ የታጠበበት ውኃ ይመስላል። በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ድብልቅ፣ ኦአርኤስ፣ የሚያድነው፣ ግሉኮስና ሶዲየም አብረው የሚገቡበትን በር መርዙ ስለማይነካው ነው። የትክትክ መርዝ በበኩሉ ሌላውን፣ ይህንኑ ኢንዛይም የሚያግደውን ጂ-ፕሮቲን ከተቀባዩ ጋር እንዳይገናኝ ያደርገዋል።

ቡናም ከዚሁ ጉዳይ ጋር ይገናኛል። ከፋዎች የራሳቸው አባባል ቢኖራቸውም የቡና መገኛ በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ ናት የሚሉ አሉ። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው አዴኖሲን በጂ-ፕሮቲን አማካይነት ሕዋሳትን ያዘገያል፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣው ካፌይን ግን የአዴኖሲንን ተቀባይ ሳያሠራው ቦታውን ይይዝበታል። ከጠጪው ደም ግማሹ ካፌይን ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ካፌይኑ ሲለቅቅ ሲጠብቅ የቆየው አዴኖሲን ቦታውን ይይዝና ድካሙ ይመለሳል።